ከአጥሩ በላይ የሚያሳይ ቸርኬ

ወይዘሮ ቨርሊን ሮል በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት እንቢ እያላቸው፣ ከማያሚው ሊበርቲ ሲቲ ሰፈር ረጅሟን መኪና የሚነዱ ሴት ነበሩ። ረጅም ማለት ከፊት ወደ ኋላ ሳይሆን ከመሬት ወደ ሰማይ ነው።

መኪናዋ የባላቸው የአቶ ክሊቭላንድ ነበረች። የሰባ አንድ ሞዴል ሼቬል፣ ባለ ሁለት በር፣ ሰማያዊ፣ ሞተሯ ሲነሳ የጎረቤት መስኮት የምታንቀጠቅጥ። አቶ ክሊቭላንድ ዕድሜ ልካቸውን የቆሻሻ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ በወጡ ማግስት የፋብሪካውን ትንንሽ ቸርኬ አስወልቀው ሃያ አራት ኢንች የሚያብረቀርቅ ቸርኬ አስገጠሙላት። መኪናዋ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃ የምትሻገር ሴትዮ መሰለች። እሳቸውም በደንብ ሳይነዷት ሞቱ።

ጠቡ የተነሳው በቀብራቸው ቀን ነው። ቨርሊን አስከሬኑን በዚያችው መኪና ሊከተሉ ተነሱ። ታናሽ እህታቸው ዩዶራ ጥቁር ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ መንገድ ላይ ቆመው መኪናዋን ሽቅብ አዩዋት።

«እኔ እዚህ ላይ አልወጣም። የምንሄደው ቀብር ነው ሰርከስ?» አሉ።

«ክሊቭ የወደዳት መኪና ናት።»

«እሱማ ምን አለበት፣ ተኝቶ ነው የሚሄደው። ቀሚስ ለብሼ የምሰቀለው እኔ ነኝ።»

ዩዶራ በሰው መኪና ሄዱ። ከዚያ ወዲያ እህትማማቾቹ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ቤታቸው አንድ መንገድ ላይ ሆኖ ሳለ ሰላምታ ቀረ። ዩዶራ በቤተ ክርስቲያንም ላለመገናኘት ወደ ማለዳው ጸሎት ተዛወሩ፣ ግቢያቸውንም በሳንቃ አጥር አሳጠሩ።

ቨርሊን ለሰው «እሰይ ተገላገልኩ» ይበሉ እንጂ አንጀታቸው አልቻለም። ዩዶራ ስኳር አለባቸው፣ እግራቸው ያብጣል፣ የሚኖሩትም ብቻቸውን ነው። ወድቀው ቢቀሩ ማን ያያቸዋል? ሄዶ ማንኳኳት ደግሞ የማይታሰብ ነው፤ ያንኳኳ ተሸነፈ። ስለዚህ ቨርሊን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በአጥሩ ጥግ ቀስ ብለው ያልፋሉ። ከመቀመጫቸው ላይ ሆነው ወደ ግቢው ሲያዩ የዩዶራ የፀጉር ሻሽ ከልብስ ማስጫው ሥር ብቅ ጥልቅ ይላል። አለች ማለት ነው። ነዳጁን ረገጥ አድርገው ወደ ቤታቸው ይገባሉ፣ ያን ሳምንትም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

አንድ እሁድ ግን አጥሩ በአንድ ሳንቃ አድጎ ጠበቃቸው። ቢንጠራሩ፣ አንገታቸውን ቢያሰግጉ ምንም አይታይም። በማግስቱ ጎሚስታው ጃቫሪስ ዘንድ ሄዱ።

«ሃያ ስድስት አድርግልኝ» አሉት።

«ለምን ሚስ ቨርሊን? እንዲህም ታምራለች እኮ።»

«ማማሯን ማን ጠየቀህ? ከፍ አድርግልኝ ነው ያልኩህ።»

ሃያ ስድስት ተገጠመ፣ ሻሹም ታየ። አጥሩ ደግሞ አደገ። ሃያ ስምንት ተገጠመ፤ ጃቫሪስ ጎማውን እንዳይነካ ከላዩ ያለውን ጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ በመጋዝ ቆረጠ። አጥሩ አሁንም አደገ። የሰፈሩ ወጣቶች ነገሩ ስላልገባቸው ፋሽን ያወቁ እናት ብለው አጨበጨቡላቸው፣ በጥር በሚደረገው የበዓል ሰልፍ ላይም ለመኪናዋ ዋንጫ ሸለሟቸው። ዋንጫውን የሽንኩርት ማስቀመጫ አደረጉት። የተጠበሰ ዶሮ በመኪና መስኮት በኩል ሲገዙ ሻጯ ልጅ አልደርስ ስላለቻቸው ቅርጫት በገመድ ያወርዱላታል። ለመውጣት አጭር መሰላል ያቆማሉ፣ ከወጡ በኋላ ስቦ ማስገባት ነው፤ መሰላሉ ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ልጅ ተቀምጦ ይሄዳል።

በነሐሴ ሠላሳ ኢንች ተገጠመ። ጃቫሪስ «ከዚህ በኋላ የሚቀረው ክንፍ ነው» አላቸው።

በዚያው ሳምንት እሁድ ቨርሊን መኪናዋን እንደ ልማዳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ካለ የመግቢያ ደረጃ አስጠግተው አቆሙ፤ ከደረጃው ጫፍ በቀጥታ ወደ መቀመጫው መሻገር ስለሚቻል መሰላሉ አያስፈልጋቸውም። እሳቸው ነጭ ጓንታቸውን አድርገው ምእመናኑን ሲያስተናግዱ ዲያቆን ሆሬስ አምፖል ሊቀይር መሰላሉን ከመኪናው አወጣ፣ በዚያውም ረሳው። ቨርሊንም ሳያዩ ተሻግረው ገቡ፣ ነዱ።

ዩዶራ አጥር ሥር ሲደርሱ ቀስ አሉ። ሠላሳ ኢንችም አልበቃም፤ አሁንም ሳንቃ ብቻ ነው የሚታየው። ቆመው ሲንጠራሩ ሞተሩ ጠፋ። ቢያስነሱት እንቢ አለ። ወደ ኋላ ዞረው መሰላሉን ቢፈልጉ የለም። ስልካቸው ቤት ነው። መንገዱ ላይ ዝር የሚል ሰው የለም፣ ፀሐዩ ጣሪያውን ምጣድ አድርጎታል። ፈሩ። ጥሩምባውን ተጭነው ያዙት።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ መጣ።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ መሆንሽንማ አውቃለሁ። ከሰማይ የሚጮህ ሌላ ማን አለ?»

«ሞተሩ ጠፋብኝ። መሰላል የለኝም፣ መውረድ አልቻልኩም።»

«ዝለያ።»

«በሰባ ሁለት ዓመቴ?»

«ስትወጪ ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ዩዶራ፣ ራሴን እያዞረኝ ነው።»

ወዲያው የዩዶራ ሻሽ፣ ቀጥሎም ፊታቸው ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ። ፊት ለፊት ተያዩ። ዩዶራ ከስተዋል።

«ምን ላይ ቆመሽ ነው?» አሉ ቨርሊን።

«መሰላል ላይ» አሉ ዩዶራ ሻሻቸውን እያስተካከሉ።

«መሰላል እዚያ ምን ይሠራል?»

«የማስጨምረው ሳንቃ ሁሉ ቀዳዳ አለው፣ በሱ አይሻለሁ። እሁድ እሁድ እዚህ እቆማለሁ። አንቺ ከፍ ባልሽ ቁጥር እኔም አንድ እርከን እወጣለሁ።»

«ታዲያ አጥሩን ለምን ታስረዝሚዋለሽ?»

«ካየሽኝ ወዲያው ነዳጁን ረግጠሽ ትሄጃለሽ። ካላየሽኝ ግን አንገትሽን እያሰገግሽ ትቆያለሽ። ምን ላድርግ ታዲያ? ናፈቅሽኛ።»

ቨርሊን በነጭ ጓንታቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ዩዶራ መሰላሉን እየጎተቱ፣ የቀዝቃዛ ውኃ ጠርሙስ በብብታቸው ይዘው በበሩ ወጡ። መሰላሉን አቁመው ባበጠ እግራቸው አንድ በአንድ እየረገጡ፣ በየእርከኑ ሟቹን እየረገሙ ወጥተው ከእህታቸው ጎን ዘፍ ሲሉ መሰላሉን በተረከዛቸው መቱት፣ መንገዱ ላይ ተጋደመ። አሁን ሁለቱም መውረድ አይችሉም።

ጃቫሪስ አመሻሽ ላይ ሲያልፍ ውኃውን ጨርሰው የሞቱትንም ያሉትንም ሲያሙ አገኛቸው። ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ በመዶሻ መታ መታ ሲያደርገው መኪናዋ ተነሳች። መሰላሉን አስጠጋላቸው።

«ይውረዱ ሚስ ዩዶራ፣ ልያዝልዎ።»

«ማን ይወርዳል? ይልቅ ልጄ፣ ከበሬ ኋላ ጥቁር ባርኔጣ ተሰቅሏል፣ አምጣልኝ። ከዚያ መሰላሉን ከኋላ ጫንልን።»

«ወዴት ነው?» አሉ ቨርሊን።

«ክሊቭ ጋ ነዋ። የዚያን ቀን መሄድ ነበረብኝ።»

ባርኔጣው መጣ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ አናቱ ታጠፈ፤ ዩዶራ ግን እስከ መቃብሩ ድረስ አላወለቁትም።