እህቴ የዘጋችው የመኪና መንገድ

ባለፈው ክረምት ከቴፒ ወደ ሚዛን ስመለስ፣ ሸኮን አልፈን ጥቂት እንደሄድን አውቶቡሳችን ሰው ሊያወርድ ቆመ። በመስኮት ብመለከት አንድ የጭነት መኪና ማንጎ ሊጭን እርሻ ውስጥ ገብቶ ጭቃ ይዞታል። ጎማው ቀዩን አፈር እየረጨ ይሽከረከራል፤ ወጣቶች ከኋላ እየገፉ ይጮኻሉ። ተሳፋሪው ሁሉ ለመኪናው ሲያዝን እኔ ያዘንኩት ግራና ቀኝ ለቆሙት ዛፎች ነበር። እህቴ አስቴር ትዝ አለችኝ።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ ጎረምሳ ነበርኩ። አባታችን በሸዋ ቤንች አቅራቢያ የብርቱካን እርሻ ነበራቸው፤ በወጣትነታቸው ከከምባታ መጥተው በእጃቸው የተከሉት። ኩራታቸው ግን ከብርቱካኑ ይልቅ መንገዱ ነበር። ከዋናው ጎዳና ተነስቶ በዛፎቹ መሃል እስከ ደጃችን የሚደርሰውን የመኪና መንገድ ጎረቤት አስተባብረው፣ ጉቶ ነቅለው ያወጡት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው መኪና የገባ ዕለት በግ ታርዷል። ሰው ባይጠይቃቸውም እንኳ «እኔ ደጅ መኪና ይቆማል» ይሉ ነበር። እኔም ብሆን እወደው ነበር፤ የብርቱካን ክምር ላይ ተቀምጦ ሚዛን ገበያ መግባትን የመሰለ ነገር የት ይገኛል!

አባቴ ወገባቸውን ታመው ቤት ሲውሉ እርሻው በአስቴር እጅ ገባ። ታላቄ ናት፤ ዝምተኛ፣ በነገር የማትቸኩል። በዚያው ዓመት መንገዱ ዳር ያሉት ዛፎች ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፤ ፍሬያቸውም ቀጨጨ። አባቴ «በሽታ ነው» አሉ። አስቴር ግን ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛ ትወጣና ውሃው የት እንደሚተኛ ታያለች። ራቅ ባሉት ዛፎች ሥር ወዲያው ይሰርጋል፤ መንገዱ ዳር ግን ኩሬ ሠርቶ ይውላል።

አንድ ቀን ዶማ አስያዘችኝና «እዚህ ጋ ቆፍር» አለችኝ። ዶማው ነጥሮ ተመለሰ። አፈሩ እንደ ጡብ እየተሰበረ ሲወጣ የዛፉን ሥር አየነው፤ ወደ ታች መውረድ አቅቶት ወደ ጎን ታጥፏል።

«መኪናው እየረገጠ መሬቱን ጠቅጥቆታል» አለች። «ውሃም አየርም አይገባው፤ ዛፉ በምን ይኑር?»

ዕለቱኑ አባቴ ዘንድ ገባች።

«አባባ፣ መንገዱን ልዘጋው ነው።»

«የትኛውን መንገድ?»

«የእርስዎን።»

«በላቤ ያወጣሁትን? እኔ ሳልሞት?»

«ዛፎቹንም በላብዎ ነው የተከሏቸው። ሁለቱ አብረው አይኖሩም፣ አባባ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አላናገሯትም። እሷ ግን ወገባቸውን በቅቤ ማሸቷን አልተወችም።

የመንገዱን መግቢያ በቦይ ቆርጣ አጠረችው። ብርቱካኑን የሚገዛን ነጋዴ መኪናውን ይዞ መጥቶ ተቆጣ። «ካልገባሁ አልጭንም» አለ።

«ከገባህ ዘንድሮ ብርቱካን ትጭናለህ» አለችው፤ «ለከርሞ ግን የምትጭነው ማገዶ ነው።»

ጥሏት ሄደ። ብርቱካኑ እየበሰለ ይረግፍ ጀመር፤ ግቢው ጠጅ ጠጅ ሸተተ። ፈራሁ። «እታለም፣ እንክፈተው» ብዬ ለመንኳት።

«ከአባባ ጋር አንድ ቀን እንታረቃለን» አለችኝ። «መሬቱ ግን መቼ እንደሚታረቀን አላውቅም።»

ጎረቤት ለጎረቤት ዞራ ሰው ለመነች። ቅርጫት ያለው ቅርጫት፣ ከረጢት ያለው ከረጢት ይዞ መጣ። ቅርጫቱ ሲያልቅ፣ ሕመምተኛ ጤና ጣቢያ የምናደርስበትን ቃሬዛ አመጣንና ብርቱካኑን አራት ሆነን ተሸክመን ወደ ጎዳናው ወጣን። አንድ ሽማግሌ ሲያዩን ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

«ማነው የታመመው?»

«ብርቱካኑ ነው፣ አባቴ!» አልናቸው፤ እሳቸውም ሳቁ፣ አስቴርም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ጎዳናው ዳር የተከመረውን ያየ ሌላ ነጋዴ ቆሞ ጫነ። በስብሶ የቀረውም ጥቂት አልነበረም።

ከዚያ ሥራው መጣ። የተጠቀጠቀውን መሬት በመቆፈሪያ እየበሳን ፍግና የቡና ገለፈት ሞላንበት፤ ሥሩ ጠለቅ የሚለውን የርግብ አተር ዘራንበት፤ በሙዝ ቅጠል ጎዘጎዝነው። አፈሩ ሲረጥብ ማንም እንዳይረግጠው ከለከለች። ለውጡ አዝጋሚ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ግን መሬቱን ብንጭር የምድር ትል አገኘን፤ ዛፎቹም አዲስ ቅጠል አወጡ።

አባቴ ወገባቸው ሲሻላቸው በእኔ ተደግፈው ወጡ። ድሮ መኪና የቆመበት ቦታ ላይ ከዘራቸውን ተከሉት፤ እየሰመጠ ገባ። ነቅለው እንደገና ተከሉት። በሚቀጥለው እሑድ ቤታችን ለመጡት እንግዶች፣ እሷ እየሰማች፣ «ይህን መንገድ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የዘጋችውም የእኔው ልጅ ናት» አሉ። ድምፃቸው በጉ የታረደ ዕለት ከነበረው ይበልጥ ይኮራ ነበር።

አባቴ ካረፉ ቆይተዋል። እኔም በሥራ ዘመኔ ብዙ ደፋር ሰው አይቻለሁ፤ አብዛኛው ድፍረቱ ጩኸት ነበረው። የሚወዱትን ሰው እያከበሩ፣ ኩርፊያውንም ችለው፣ ትክክል የመሰላቸውን ሳይጮኹ የሚሠሩ ግን ጥቂት ናቸው። ያን የማንጎ መኪና ያየሁ ዕለት ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ እሷ ዘንድ ሄድኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። አስቴር ከዛፎቹ ማዶ ሆና አየችኝና እጇን አነሳች። «እዚያው ቁም! መሬቱ ውሃውን ይጠጣ!» አለችኝ። እኔ ሽበታሙ ሰውዬ አጥሩን ተደግፌ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ደስ እያለኝ።