የጋሼ ደርሶ አረማመድ

ደብረ ማርቆስ፣ ለአዲሱ የውዝዋዜ ትርኢቴ መድረክ ላይ ያስጣልኩት ዳስ የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ሸተተኝና የአክስቴ ሠርግ ትዝ አለኝ። ያኔ ይጁቤ በምትባለው ከተማችን፣ ገና ሕፃን ሆኜ፣ እስክስታ እየወረድኩ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደርሶ በነጠላዬ ጎትተው ከመሐል አወጡኝ።

«ይች ልጅ አዝማሪ ሆና ልታዋርደን ነው» አሏት እናቴን። እናቴ መሬት መሬት አየች። አዝማሪነት ምኑ እንደሚያዋርድ አልገባኝም። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ግን አረማመዳቸውን አንድም ሳይቀረኝ አየሁ።

ዛሬ ጋብዤ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ተወዛዋዦቼ በዚያው አረማመድ ሲወጡ ትርኢቱን ሊያይ የመጣው የይጁቤ ሰው ዞሮ እሳቸውን እያየ ሳቀ። ጋሼ ተቆጥተው ተነሡ። እስከ በሩ የሚያደርሳቸው ሌላ አረማመድ ግን አልነበራቸውም።