ገብርኤል ላይ ያለቀው ሽቦ

ወንድሜ በሞተ በሠላሳኛው ቀን እናቴ ጓዳይቱ ባዶ መሆን አለባት አለች። ለአርባው ተዝካር ጠላ ይጠመቃል፤ ጋኖቹ የሚቀመጡበት ሌላ ጥላ የለንም። ይህን ስትናገር ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

ከዚህ ልጀምር ወይስ ከጓዳይቱ? አላውቅም። ጽሑፍ የተማርኩት በትምህርት ቤት ነው። እዚያ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ይላሉ። ይሄኛው እንደዚያ አይሆንልኝም። ከጓዳይቱ ልጀምር።

ቤታችን አቃቂ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ወዲህ ነው። ወንድሜ የጨርቅ ፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ከቤታችን ጀርባ ለዶሮ ተብላ በቆርቆሮ የተቀጠለች ጓዳ ነበረች። ዶሮዎቹ አለቁና ወንድሜ ወረሳት። የተነቀለ የእንጨት በር አምጥቶ በሁለት የክር ሣጥኖች ላይ አጋደመው፤ ያ ጠረጴዛው ሆነ። የበሩ እጀታ እንኳ አልወለቀም። አንዳንድ ቀን እጀታውን ስመለከት፣ በሩን ብከፍተው ወደ መሬት ውስጥ የሚወርድ ደረጃ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ያልነበረ ነገር የለም። ሆዳቸው የወጣ ራዲዮኖች፣ በፋብሪካው የጥጥ ውዳቂ የተጠቀለሉ የመስታወት አምፖሎች፣ ሚስማርና ብሎን የሞላባቸው የሳርዲን ቆርቆሮዎች፣ ጫፉ የተሰበረ ካቻቢቴ፣ እግሩ በክር የታሰረ ፒንሳ። ቀለበት ቀለበት ቀለም ያላቸው እንደ ዶቃ ያሉ ትንንሽ ዕቃዎችም ነበሩ። የጎረቤት ሴት ልጆች ለአንገታቸው ይለምኑት ነበር። የብየዳ ቆርቆሮ የሚያቀልጠው በከሰል ምድጃ ባጋለው የመዳብ ዘንግ ነው፤ ሲበይድ የሚቀባው ሙጫ ይጤሳል። እናቴ "ይሄ ዝርክርክ" ስትለው፣ "ዝርክርክ አይደለም እማዬ፣ ሁሉም ቦታ ቦታው ነው" ይላታል። እውነቱን ነው። ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ቢዘረጋ የፈለገውን ያነሣ ነበር።

የጓዳይቱ ቆርቆሮ ከሌላ ቤት የተነቀለ ስለ ነበረ የድሮ የሚስማር ቀዳዳ ሞልቶታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስታዘነብል ብርሃኑ በየቀዳዳው ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ክብ ክብ ሆኖ ይበተናል። ክቦቹ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። በወንድሜ እጅ ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ እሱ አያያቸውም። እኔ ጥግ ላይ ደብተሬን ይዤ እያየሁ ትምህርቴን እረሳለሁ። ዛሬም እሱን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ፊቱ አይደለም፤ ብርሃን የሚሄድበት እጁ ነው።

የሰው ራዲዮን ይጠግን ነበር። ለራሱ ግን የሚሠራው አንድ ብቻ ነበር፦ ያለ ድንጋይ የሚናገር ራዲዮ። እዚህ ሰፈር ድንጋይ ሲባል የባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ይደክማል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ትንሽ ይነቃል፣ ደግሞ ይሞታል። ወሬውን የሰማ አንድ የስልጤ ሰው፣ ባለሱቃችን፣ ጓዳይቱ ድረስ መጣ።

"ያለ ድንጋይ የሚናገር ራዲዮ ትሠራለህ አሉኝ?"

"እየሞከርኩ ነው።"

"ወላሂ፣ እሱን ከሠራህ ያለ እህል የምትኖር ሚስት ደግሞ ሥራልኝ።"

"ድንጋይማ አለው" አለ ወንድሜ። ከክብሪት ቀፎ ውስጥ ሽንብራ የምታክል፣ ጥቁር፣ የምታብለጨልጭ ጠጠር አወጣ። ምናለሽ ተራ ከተሰበረ የጣልያን ዕቃ ውስጥ ያገኛት ናት። "ይቺ ናት እውነተኛዋ ድንጋይ። አንተ የምትሸጠው የውሸቱን ነው።"

ባለሱቁ ጠጠሯን አገላብጦ አየና፣ "እንግዲህ ወንዝ ወርጄ ሱቄን ልሙላ" ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ነገሩ ቀላል ነው ይል ነበር ወንድሜ። ከጣራው እስከ ባሕር ዛፉ የተዘረጋ ረጅም ሽቦ፤ ጎረቤቶች ልብስ ሊያሰጡበት ሲሉ ስንት ጊዜ ተለማምጠናቸዋል። መሬት የተቀበረ የብረት ዘንግ። ጠጠሯና እሷን የሚነካ እንደ እሾህ የቀጠነ ሽቦ። ለአንድ ጆሮ የሚሆን ማዳመጫ። የቀረው ጥቅሉ ነበር፤ በፋብሪካው የወረቀት ቀሰም ላይ የሚጠቀለል ቀጭን የመዳብ ሽቦ። የዙሩ ቁጥር ከተሳሳተ ራዲዮኑ የሚፈልገውን ጣቢያ አያገኝም። ሁለት ጊዜ ጠቅልሎ ሁለት ጊዜ ፈታው፤ አንደኛውን ያበላሸሁት ስለ ፈተና ጠይቄው ቁጥሩን አስጠፍቼበት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ከጓዳይቱ አስወጣኝና ብቻውን ቆጠረ። ጨርሶ ሲወጣ ፊቱ ላይ ላብ ነበረ። የሥራ ላብ መስሎኝ ነበር።

ተስቦ ነበር። በዐሥራ አንድ ቀን ወሰደው። ራዲዮኑን አንድ ጊዜ እንኳ አልሰማውም። ስንት ዙር እንደ ጠቀለለም የትም አልጻፈም።

እናቴ ጓዳይቱ ትለቀቅ ስትል እምቢ ማለት አልቻልኩም። ተዝካሩ የሱ ነው። ጠረጴዛውን እንዳለ ላነሣው አስቤ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ካርታውን መሳል ጀመርኩ፤ ጣሳው እዚህ፣ ፒንሳው እዚህ። ሌላ ቦታ ሳገኝ እንደ ነበረ እመልሰዋለሁ ብዬ ነው። ከማንሣቴ በፊት ግን አንዲት ነገር ፈለግሁ፤ ራዲዮኑ ይናገር እንደሆነ ማወቅ። ለተዝካሩ ዳስ ምሰሶ ሲባል የጣራው ሽቦ ሊቆረጥ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ወንድሜ ልክ ይሁን ስሕተት የሚነግረኝ የለም።

እናቴን ጠየቅኋት።

"አርባው ሳይወጣ በዚህ ቤት ራዲዮን አይከፈትም" አለች።

"እማዬ፣ ድምፁ ለአንድ ጆሮ ብቻ ነው።"

"ጆሮህም የዚህ ቤት ነው።"

ለቅሶ ቤት ራዲዮን እንደማይከፈት እኔም አውቃለሁ። ጎረቤቶቻችን እንኳ ከኛ ሐዘን ወዲህ የራሳቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚሰሙት። ወደ ካርታዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የአባቴ እህት ጓዳይቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል፤ የእሱ ወገን ሆና ለአርባው ከቡልጋ የመጣችው እሷ ናት። ስትፈትል የኖረች ሴት ናት፤ ስታወራ እንኳ ጣቶቿ ባዶውን አየር ያሾራሉ። ጭኗ ላይ ሎሚ የሚያክል የሚያብረቀርቅ ልቃቂት አለ። አጠገቧ የወረቀት ቀሰም ወድቋል፤ ባዶውን።

"እናትህን ላግዛት ብዬ ገባሁ" አለችኝ። "ልጄ ፈትሉን ጀምሮ ትቶት ሄዷል። አቧራ እንዳይበላው ልቃቂት አደረግሁለት። ግን ምን ዓይነት ፈትል ነው? ጣቴን ቆረጠኝ።"

 ታላቅን መቆጣት አልለመድኩም፤ ብቆጣም ምን እላለሁ? ወጥቼ ሐዲዱ ዳር ቆምኩ። የዕቃ ባቡር መጣ፤ ፉርጎዎቹን መቁጠር ጀመርኩና መሐል ላይ ጠፋብኝ። ወንድሜን ከቀበርን ወዲህ ያን ያህል ብቻዬን የሆንኩበት ቀን አልነበረም። ባቡሩ ካለፈ በኋላም ሐዲዱ ለረጅም ጊዜ ያንሾካሽክ ነበር።

ስመለስ አክስቴ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ጥፋቷን ሳትረዳ እንኳ ጥፋት መሆኑ ገብቷታል።

"ምን አጠፋሁ? ንገረኝ።"

ነገርኳት። ዙሩ ቁጥር እንዳለው፣ ቁጥሩን የሚያውቀው እሱ ብቻ እንደ ነበረ። "እትዬ፣ እርስዎ ምን ያውቃሉ፤ በእርስዎ አልፈርድም" አልኳት።

"ዙሩን ነው?" አለች። "ዙሩንማ አውቀዋለሁ። ፈትል ሳልቆጥር ነክቼ አላውቅም።"

"ስንት ነበረ?"

"ልደታ ብዬ ጀመርኩ። ሦስት ወር ሞላ። በአራተኛው ገብርኤል ላይ አለቀ።"

 አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ከሠላሳ በላይም በቁጥር አትሄድም። እያንዳንዱን ዙር በወሩ ቀን ታቦት ነው የምትጠራው፤ ልደታ፣ ታዴዎስ፣ በዓታ፣ ዮሐንስ፣ አቦ እያለች። ሠላሳው ሲሞላ አንድ ወር ትላለች። ሦስት ወር ዘጠና ነው። ገብርኤል ዐሥራ ዘጠኝ።

"ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ተቋጥሮ ነበር" አለች። "አንዱ በሁለተኛው ወር አቦ ላይ፣ አንዱ በሦስተኛው ሥላሴ። መፍታት ያቃተው መስሎኝ ፈታሁለት።"

ቋጠሮዎቹን ወንድሜ ሆን ብሎ ያበጃቸው ናቸው፤ የጣቢያ መለወጫ ሽቦ የሚያያዝባቸው። እሷ ከመጨረሻው ጫፍ ስለ ጀመረች እኔ በካሬው ወረቀት ላይ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። መቶ ዘጠኝ ዙር፤ ቋጠሮ በአርባ ሁለትና በሰባ አራት። ለእሷ ስነግራት፣ "በሁለተኛው ሚካኤልና በሦስተኛው አረጋዊ በል እንጂ" አለችኝ።

አብረን ጠቀለልነው፤ ቋጠሮዎቹንም በየታቦታቸው እየቋጠርን። እኔ ሽቦውን በጨርቅ እያቀናሁ እሰጣለሁ፤ እሷ ቀሰሙን ጭኗ ላይ እያሾረች ትቀበላለች። ሽቦው አንዱ በአንዱ ጎን ሳይደራረብ ይተኛል፤ ወንድሜ እንኳ እንዲያ አድርጎ አላስተኛውም። ፀሐይዋ አዘንብላ ነበርና ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ነጭ ቀሚሷ ላይ ተበተነ። ታቦቶቹን በለሆሳስ ትጠራለች፤ አንዱን ስትል ክብ ብርሃን በጣቷ ላይ ያልፋል፣ ሌላውን ስትል በሽቦው። አንድ ወር አለፈ፣ ሌላ ወር ገባ። መንቃቴን ተጠራጠርኩ። የፋብሪካው ፊሽካ ለፈረቃ ሲጮህ ደንግጬ፣ "የት ደረስን?" አልኩ።

"ሦስተኛው ሐና" አለች፣ እጇን ሳታቆም። "ያንተን ፊሽካ ሰምቼ ታቦት የምስት መሰለህ?"

ገብርኤል ላይ ሲደርስ ሽቦው ለማሰሪያ የሚሆን ጣት ያህል ብቻ ቀረው። ጫፎቹን ፋቅሁ፤ በየድኩ። መጥፎ ብየዳ ነበር፤ ያበጠ፣ የተዝረከረከ።

ማዳመጫውን ግን አላነሣሁም። የእናቴ ቃል አለ።

"ምን ትጠብቃለህ?" አለች አክስቴ።

"እማዬ ከልክላኛለች።"

ተነሥታ ሄደች። ከማድቤቱ ንግግራቸው ይሰማኛል፤ የእናቴ አጭር፣ የእሷ ረጅም። "ለአንድ ጆሮ የሚናገር ምኑ ዘፈን ነው? ሹክሹክታ ነው። ሹክሹክታ ሐዘን አይሽርም። የልጁን ሥራ ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ አርባው ሳይወጣ ንስሐ ልግባበት።" 

እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ልጇ ከሞተ ጀምሮ ወደ ጓዳይቱ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። ማዳመጫውን ከጠረጴዛው አንሥታ ከነጠላዋ ሥር ጆሮዋ ላይ ያዘችው።

እኔ ቀጭኑን ሽቦ በጠጠሯ ላይ አንሸራተትኩ። አንድ ቦታ። ምንም። ሌላ ቦታ።  ፊቷን አያለሁ፤ ምንም አይነበብበትም። እንደገና ትንሽ ወደ ጎን ነካሁ።

የእናቴ ዓይኖች ቆሙ።

"ሰው አለ" አለች።

"ምን ይላል?"

"ጃንሆይ አንድ ቦታ መርቀው ከፈቱ ይላል። የት ነው? ድምፁ ሩቅ ነው።" ማዳመጫውን አጥብቃ ጫነችው። "እሱ ይሄንን ሰምቶታል?"

ሰምቶታል ብላት ደስ ባለኝ። "አልሰማውም፣ እማዬ። ሊሰማው አንድ ቀን ቀርቶት ነው የታመመው።"

ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም፤ አንዱ እጇ ማዳመጫውን፣ ሌላው የጠረጴዛውን የበር እጀታ ይዟል።

"ልክ ነበረ?" አለች። "የሠራው?"

"ልክ ነበረ።"

አክስቴ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ "እንግዲህ ጋኖቹን ምን እናድርጋቸው?" አለች።

እናቴ ወደ እሷ አልዞረችም። "ጎረቤት ቤት ይጠመቅ" አለች። "ሽቦውንም አትንኩት፤ ምሰሶውን ወዲያ ትከሉ።"

እኔም ልሰማ እጄን ዘረጋሁ። እናቴ እጄን በቀስታ መለሰችው። ሰውዬው ገና አልጨረሰም ነበር።