ሂልዳ የዘጋችው የፊት ክፍል

ሂልዳ ኤንትዊስል በስተርጅናዋ፣ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ርቃ በምትገኘው ኤልዛቤት ከተማ ውስጥ ስሟ የታወቀው በአንድ ነገር ነው። ከእንግሊዝ አዲስ ቤተሰብ ገባ ሲባል፣ ገና ሻንጣው ሳይፈታ በሩን የምታንኳኳው እሷ ነበረች። እንደ ሌላው ጎረቤት እንኳን ደህና መጣችሁ ብላ፣ ኬክ አስቀምጣ አትመለስም። ወደ ውስጥ ትዘልቅና ከክፍል ክፍል እየዞረች መስኮት መስኮቱን ታያለች።

"ፀሐይ በየት በኩል ነው የምትገባላችሁ?" ትላለች።

እነሱም ግራ ገብቷቸው ይተያያሉ። እሷ ግን ታገኘዋለች። "ይኸውና! ክረምት ሲመጣ እዚህ ተቀመጡ። ኩሽናችሁ የትም ይሁን፣ ሶፋችሁ የትም ይሁን፣ እዚህ ተቀመጡ። በበጋ ደግሞ አየር ይግባ ብላችሁ ጠዋት መስኮት እንዳትከፍቱ፤ የሚገባው እሳት ነው። ዝጉና መጋረጃ ጣሉ፤ ወደ ማታ ከባሕር ነፋስ ሲነሳ ያኔ ክፈቱ። ውጭ ያደረ ጫማ ሳታራግፉ እግራችሁን አታስገቡ፣ ሸረሪት አለ። ባልሽ ደግሞ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ቢራ ሊጠጣ ከገባ ተራው ሲደርስ ይጋብዝ፤ ተራውን የዘለለ ሰው እዚህ አገር ስሙ አይነሳም። 'እኛ አገር እንዲህ ነበር' የምትባለዋንም ነገር ምላስሽ ላይ ስትመጣ ዋጪያት። እውነት ብትሆንም ዋጪያት።"

አዲሶቹ ሴቶች ይስቃሉ። ይህቺ ሴትዮ ከመርከብ ስትወርድ ጀምሮ ሁሉን የምታውቅ ይመስላቸዋል።

እሷ ግን ስትመጣ ምንም አታውቅም ነበር።

የመጡት በጥር ነው፣ መሬቱ እንደ ምጣድ በሚግልበት ወር። ባሏ ክሊፍ፣ ቦልተን በምትባለው የእንግሊዝ ከተማቸው ጥጥ መፍተያ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። እዚህ መኪና ፋብሪካ ገባና በወሩ ፊቱ እንደ ጡብ ቀላ፤ እሑድ እሑድ ዓሣ ማጥመድ ለመደ፤ ቤት ውስጥ ማፏጨት ጀመረ። ሂልዳ እስከዚያ ቀን ድረስ ባሏ ማፏጨት እንደሚችል አታውቅም ነበር። ልጃቸው ግሌኒስ አምስት ዓመቷ ነው፤ ባሕር ዛፉ ላይ የሚንጫጩትን ሮዝና ግራጫ በቀቀኖች እያየች ትውላለች።

የደረሳቸው ቤት ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ጀርባውን ወደ ደቡብ ያዞረ ነው። ሂልዳ ይህን ልብ አላለችም፤ ልብ ብትልም ኖሮ የምታስበው እንደ አገሯ ነው። ቦልተን ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል ነው የምትዞረው። ስለዚህ ሁሉን ነገር እናቷ ቤት እንዳየችው አደራጀችው። ከኋላ ኩሽናው አለ፤ መበላቱም መቀመጡም ልብስ መተኮሱም እዚያው ነው። ከፊት ደግሞ የፊት ክፍሉ አለ።

ቦልተን ውስጥ ደኻ የተባለ ሰው እንኳ ቤቱን በሁለት ይከፍለዋል፤ በአንዱ ይኖራል፣ በአንዱ ይከበራል። የፊት ክፍሉ መከበሪያው ነው። ልጅ አይገባበትም፤ ወንድ በሥራ ጫማው አይረግጠውም። ቄስ ሲመጣ፣ ልጅ ስትታጭ፣ ሰው ሲሞት ይከፈታል። የሂልዳ አባት ሬሳ ያረፈው እዚያ ነው። ክሊፍም ለጋብቻ ሊጠይቃት የመጣ ጊዜ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ላቡ ጠብ እስኪል የተቀመጠው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው።

እናቷ ታዲያ ሲለያዩ ሁለት አረንጓዴ የከፋይ ወንበሮች ከራሷ የፊት ክፍል አንስታ ሰጠቻት። "አንዷ ለእኔ ናት። ስመጣ የምቀመጥባት" አለቻት። ወንበሮቹ ባሕር ተሻግረው መጡ። ሂልዳም የፊት ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠቻቸው፤ የሸክላ ዕቃ ቁም ሣጥኑን በትይዩ አቆመች፤ ከፋዩ በፀሐይ እንዳይደበዝዝ ወፍራም መጋረጃ ጣለች፤ በሩን ዘጋች። ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን ትጠርግና መልሳ ትዘጋዋለች።

በሰኔ ብርዱ ገባ። ይህን ማን ነግሯት! ሞቃት አገር ነው ተብላ ወፍራሙን ካፖርቷን ለእህቷ ሰጥታ ነው የመጣችው። ቦልተን ላይ በረዶ ሲጥል እንኳ እንዲህ በርዷት አያውቅም። እዚያ የከሰል ምድጃ አለ፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። እዚህ ቤቱ የተሠራው ለበጋ ነው፤ በየበሩ ሥር ነፋስ ያፏጫል። ከኋላ ያለው ኩሽና ከግንቦት ወዲህ ፀሐይ የሚባል ነገር አላየም። ያልደረቀ ልብስ በላምባ ምድጃው ዙሪያ ተሰቅሎ ይውላል፤ ግድግዳው ያልበዋል፤ በማዕዘኑ በኩል ሻጋታ ወጣ። ግሌኒስ ያዛት ሳል በሐምሌም አለቀቃትም። ደረቷ እንደ ወናፍ ይነፋል።

ሂልዳ አገሩን ረገመች። አንድ ቀን እራት ላይ ለክሊፍ ቁርጧን ነገረችው።

"እስከ መስከረም ካልተሻላት ይዣት ወደ እናቴ እመለሳለሁ።"

"እኔስ?"

"አንተማ ዓሣህን አጥምድ።"

ክሊፍ ሹካውን አስቀመጠ። ቀልድ መስሎት ፊቷን አየ፤ ቀልድ አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማፏጨቱን ተወ።

አጥር የምትጋራቸው ሜርል ፓስኮ ትባላለች፤ እዚያው አገር ተወልዳ ያደገች፣ እጀታዋን ሰብስባ የምትውል ሴት ናት። እነ ሜርል ዘንድ በፊት በር መጥቶ ማንኳኳት የፖሊስና የዕዳ ሰብሳቢ ሥራ ነው። እሷ በጓሮ በኩል ትመጣለች፤ "አለሽ ወይ?" የምትለውም ከገባች በኋላ ነው። ሂልዳ ፀጉሯን ጠቅልላ፣ በቤት ልብሷ ስትያዝ መሬት ብትውጣት ትወዳለች።

"ምነው እንግሊዟ፣ ሌባ ያየሽ መሰልሽ!"

"ኧረ ይግቡ፣ ሚስስ ፓስኮ።"

"ገብቻለሁ እኮ። ሜርል በይኝ፤ አንቺ በይኝ፤ አማትሽ አይደለሁ።"

አንድ ቀን ሜርል በሊጥ ጠቅልላ የጋገረችውን ሥጋና ድንች ለግሌኒስ አመጣችላት። እህል አልቀምስ ብላ የሰነበተችው ልጅ ፍርፋሪው ሳይቀር በላች። ሂልዳም ውለታው ከበዳት። ይህቺን ሴት በወጉ መቀበል አለብኝ ብላ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ለሻይ ጠራቻት።

"ምን ቀጠሮ ያስፈልገዋል? ይኸው ቆሜ የለ?"

"በፊት በር ይምጡ፣ እባክዎ።"

ማክሰኞ ሜርል ባርኔጣ አድርጋ፣ ሳቋን እንደ ምንም አፍና በፊት በር መጣች። የከፋይ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ክፍሉ እንደ ዋሻ ጨልሟል። ዙሪያዋን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ማን ሞቶባችሁ ነው?"

"ማንም አልሞተም። ከፋዩ እንዳይደበዝዝ ነው።"

"ታዲያ ሻዩን በዳበሳ ልጠጣው?" አለችና ሳትፈቅድላት ተነሥታ መጋረጃውን ጎተተችው።

የሰኔና የሐምሌ ፀሐይ በዚያ አገር ዝቅ ብላ በሰሜን በኩል ነው የምትሄደው። እንደ እንግዳ ደጃፍ ላይ አትቆምም፤ እስከ ጓዳ ትዘልቃለች። ክፍሉን ከመስኮቱ እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ሞላችው። የሸክላ ዕቃዎቹ አብለጨለጩ። ሜርል መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጠፈች።

"አንቺ ልጅ፣ ነይ ንኪው። ዳቦ ያስነሳል እኮ! እነዚያን ወንበሮች አሙቀሽ ልጅሽን ከኋላ ታስበርጃታለሽ?"

ሂልዳ አልነካችውም። በዚህ መሐል ግሌኒስ የሰው ድምፅ ሰምታ ከኩሽና መጣች። ደፉ ላይ ቆመች፤ ማለፍ እንደማይፈቀድላት ታውቃለች። ሜርል "ግቢ የኔ አበባ" ስትላት እናቷን አየች፤ ከዚያ ገባችና ፀሐዩ ያረፈበት ምንጣፍ ላይ እንደ ድመት ተጠቅልላ ተኛች። ሁለቱ ሴቶች ሻያቸውን ጠጡ። ልጅቷ ብዙ ቆይታ አንዴ ብቻ ሳለች።

"ለማን ነው የምታስቀምጪው ይሄን ክፍል?" አለች ሜርል፤ አሁን አላፌዘችም።

"ለእናቴ። ልትመጣ ነው።"

"መቼ?"

ሂልዳ ሻዩን አማሰለችው፤ ስኳር እንኳ አልጨመረችበትም። እናቷ ከቦልተን ወጥታ የባሕር ዳር ከተማውን ብላክፑልን ለማየት ባቡር ስትሳፈር ከዋዜማው ጀምራ የምታስመልስ ሴት ናት። ስድስት ሳምንት መርከብ ላይ! ይህን ወደቡ ላይ ሲሰነባበቱም ታውቀው ነበር፤ እናቷም ታውቀው ነበር። ሁለቱም ስለሚያውቁ ነው ወንበሩን እንደ ቀጠሮ የተቀባበሉት።

"እንጃ" አለች።

ሜርል እንደ ሄደች ሂልዳ ልጇን አንስታ ወደ ኩሽና መለሰቻት፤ መጋረጃውንም ዘጋች። ሰው ይህን ሲሰማ ይፈርድባታል። እሷ ግን ያን ክፍል የልጅ መኝታ አደረገችው ማለት እናቷን አትምጪ ማለት መሰላት፤ የከሰል ጢሱን፣ የአባቷን ሬሣ፣ እዚያ የነበረችውን ሂልዳን ሁሉ በእጇ ማስወጣት መሰላት። ክሊፍ የሆነውን ከልጁ አፍ ሰምቶ "ታዲያ አልጋዋን ለምን አናስገባም?" ቢላት "የእናቴን ወንበር ሽንት ልታስነካው ነው?" ብላ ጮኸችበት። ልጅቷ ግን አልጋ ላይ መሽናት ካቆመች ዓመት አልፏታል።

ከዚያ ዝናብ መጣና ሳምንቱን አላባራ አለ። ግሌኒስ በሳሉ ላይ ትኩሳት ተጨመረባት። ዝናቡ ባባራበት ጠዋት ሂልዳ ኩሽናው ውስጥ ቆማ ልጇ ስትተነፍስ እንፋሎቱን አየችው፤ ቤት ውስጥ፣ ምድጃው እየነደደ። በኮሪደሩ ሄዳ የፊት ክፍሉን በር ከፈተች። መጋረጃው እንደ ተጣለ ነው፤ ሆኖም በጎኑ በኩል ፀሐዩ እንደ ምላጭ ገብቶ የእናቷ ወንበር ላይ አርፏል። ባዶ ወንበር ላይ። ብዙ ቆማ አየችው።

ከዚያ እጀታዋን ሰበሰበች። ቁም ሣጥኑን እየገፋች ኮሪደር አወጣችው። አልጋውን ጎተተች፤ በሩ መሐል ተቀረቀረ፤ አይወጣ፣ አይገባ። በአጥሩ ላይ ተጣራች።

"ሜርል! ኧረ ድረሽልኝ!"

ሜርል በጓሮ በር ስትገባ መፍቻ ይዛለች። የአልጋውን እግር እየፈታች "ጎሽ፣ ዛሬ ገና ስሜን ጠራሽው" አለች።

ክሊፍ ማታ ከሥራ ሲመለስ የቁም ሣጥን መስታወት ኮሪደር ውስጥ ተቀበለው። በጎኑ ሾልኮ አለፈ። እራቱ የፊት ክፍል ውስጥ ነው የተቀመጠለት። ጫማውን ደጅ አወለቀና የከፋይ ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠ፤ ሰሐኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በላ።

"ወደ ኋላ ደገፍ በል እንጂ" አለችው ሂልዳ። "ልታጨኝ የመጣህ አስመሰልከው።"

ሳሉ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ እየቀነሰ፣ እየለሰለሰ ሄደ እንጂ። በነሐሴ መጨረሻ ግሌኒስ ውጭ እየሮጠች በቀቀኖቹን ታባርር ጀመር። ከፋዩም መደብዘዝ ጀመረ፤ ሂልዳ አይታዋለች። አንዳንድ ቀን ልጅቷ ትምህርት ቤት እያለች ሂልዳ የእናቷ ወንበር ላይ ትቀመጥና ታለቅሳለች፤ ሲበቃት ተነሥታ ልብሷን ታጥባለች። ይህን ማንም አላወቀባትም።

መስከረም ገባ። ክሊፍ ቀጠሮውን አልረሳም፤ ለመጠየቅ ግን ድፍረት አጣ። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ የፊት ክፍሉ ውስጥ ሆነው፣ እሷ ሹራብ ትሠራለች፤ እሱ ጋዜጣ ያነባል፤ አንዱን ገጽ ይዞ መግለጥ ትቷል።

"ሂልዳ፣ የመርከቡን ነገር … ልጠይቅ እንዴ?"

ሹራቧን አላቆመችም። መስኮቱን በዓይኗ ለካችው።

"ይህ መስኮት ጥላ የለውም። በጋ ሲገባ ፀሐይዋ ልጅቱን እዚህ ትጠብሳታለች። ሜርል ቤት ከውጭ የሚወርድ የሸራ ጥላ አለ፤ ባለ መስመር። እንደዚያ ያለ ፈልግልን።"

ክሊፍ ጋዜጣውን አጠፈው። ሜትር ፈልጎ አጣ፤ እሑድ ነውና ሱቅ ዝግ ነው። ነገ ይደርሳል አላለም። ቀበቶውን ፈትቶ ወጣና በውጭ በኩል የመስኮቱን ወርድ በቀበቶው መለካት ያዘ። እጁን ወደ ላይ ባነሳ ቁጥር ሱሪው ይወርዳል፤ አንድ ጊዜ ይስባል፣ አንድ ጊዜ ይለካል። ግሌኒስ ከውስጥ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ በሳቅ ፈረሰች።

"ቀጥ አድርገህ ያዘው!" አለች ሂልዳ ከወንበሯ ሆና። "ጠሞብሃል።"