ሦስቱ መስመሮች

ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከወንዙ ሲነሳ፣ አጋታ ስኳር ድንች ማሳዋ መሀል መቆፈሪያዋን ተደግፋ ትፈዛለች። ጉም ሲሆን ማዶው ይቀርባታል፤ ወንድሟ ካውፓ ከዚያ የሚጠራት ይመስላታል። የተወለደችበት የማዶው ጎሳና ያገባችበት ጎሳ ተዋግተው ድልድዩ ከተቃጠለ ዐሥራ አንድ ዓመት አልፏል። ለባሏ ወገን የጠላት ልጅ፣ ለእናቷ ወገን የጠላት ሚስት፣ ከሁለት ያጣች ሆና ኖረች።

በዚያ ዓመት የቀበሌው ምርጫ ሕግ ተለወጠ። ድሮ የሚጻፈው አንድ ስም ነበር፤ እሱም የጎሳው ሰው ነው፣ ክርክር የለውም። አሁን ወረቀቱ ሦስት መስመር አወጣ። መጀመሪያ የተጻፈው ከወደቀ ድምፁ ለሁለተኛው ያልፋል፣ እሱም ከወደቀ ለሦስተኛው። ከማዶ ካውፓ ራሱ ለውድድር ቀርቧል፤ ከዚህ ደግሞ የሽማግሌው የሲዩኔ ልጅ ጊግማይ።

ሲዩኔ መንደሩን ሰበሰበ። «ሦስቱንም መስመር ጊግማይ ብላችሁ ሙሉት። አንዱ ሰው ሦስት ይሆንልናል። ማዶዎቹ ይህን የሚያስቡበት ጭንቅላት የላቸውም።»

«አባቴ፣ አስመራጩ እኮ ሦስት የተለያየ ሰው ነው ያለው» አለች አጋታ።

«ስሟት እንግዲህ፣ ለወንድሟ ስትለምን» አለ አንዱ። ተሳቀባት። ባሏ ዱዋ መሬት መሬቱን አየ፤ ከሳቁ ይልቅ ያ አንገበገባት።

በምርጫው ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ብቻዋን ቆመች። አንደኛው ላይ ጊግማይ ብላ ጻፈች፤ ፈርታ አይደለም፣ ልጇ የታመመች ጊዜ በጀርባው አዝሎ ጤና ጣቢያ ያደረሰላት እሱ ነው። ሁለተኛው ላይ እጇ ራሱ ካውፓ ብሎ ጻፈ። በሕልም እንደምትጽፍ ሆና ፊደሎቹን አየቻቸው። ሦስተኛውን ለታችኛው መንደር መምህር ሰጠች።

ዱዋ የጊግማይ ታዛቢ ሆኖ ቆጠራው ወዳለበት ከተማ ወርዶ ነበር። በአራተኛው ቀን ሲመለስ ሁሉም ሲዩኔ ደጅ ተቀምጧል፤ አጋታ ዳር ላይ ቆማለች።

«ካውፓ አሸነፈ» አለ ዱዋ።

«ሚስትህ ናት የሸጠችን» አለ ያው በስብሰባው ያፌዘባት ሰው።

ዱዋ ዞሮም አላየው። «አባቴ፣ አንድ ስም ሦስት ጊዜ የተጻፈበትን ሁሉ ቆጣሪዎቹ ውድቅ ነው ብለው ወደ ጎን ጣሉት። ሁለት መቶ ስድስት ወረቀት። ከሳጥናችን የተቆጠረው አንድ ብቻ ነው። አንደኛው ላይ ጊግማይ ይላል፣ ሁለተኛው ላይ ካውፓ።»

ሁሉም ወደ አጋታ ዞረ። የማን ወረቀት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም።

«ከዚህ ሁሉ ሰው» አለ ሲዩኔ በመጨረሻ፣ «ልጄን የመረጠችው እሷ ብቻ ናት? ታዲያ ምን ታስቆሟታላችሁ? ጠጋ በሉላት።»