ክረምቱን የሠራነው ፍሬን

ሸዋ ሮቢት ላይ በክረምት ብስክሌት አይነዳም። ጭቃው ፓራፋንጎው ውስጥ ገብቶ ጎማውን ቀርቅሮ ይይዘዋል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም እኔና ጋሼ የምላቸው ጎረቤቴ ብስክሌቶቻችንን በረንዳዬ ላይ ገልብጠን እንሠራ ነበር። እሳቸው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር፣ እኔ የማሾ ነጋዴ። ጥቅምት ሲገባ ብስክሌቶቹን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነን ደብረ ሲና እንወጣና ቁልቁለቱን እየነዳን ወደ ቤታችን እንወርዳለን። የዓመቱ መክፈቻ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ አጣዬም ይሁን አሊዩ አምባ፣ መንገዱ ሰላም ወደሆነበት ሁሉ እንሄዳለን።

አንድ ሕግ ነበረን፤ ማንም የራሱን ብስክሌት አይሠራም። እኔ የሳቸውን፣ እሳቸው የኔን። «የራስህን ስትሠራ ‹ይሁን፣ ይበቃል› ትላለህ፤ የሰው ነፍስ ሲሆን ግን አላህን ትፈራለህ» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። የራሴን ብሠራ ኖሮ ስንቱን ብሎን ሳላጠብቅ እተወው ነበር።

ባለፈው ክረምት የቆየባቸው ስኳር በሽታ ጣቶቻቸውን አደነዘዛቸው። ያወቅሁት የብስክሌቴን ካቴና በነጭ ጋዝ ሲያጥቡ ነው፤ የፔዳሉ ጥርስ ጣታቸውን ቆርጦት ደሙ ሲንጠባጠብ እሳቸው ወሬያቸውን ቀጥለዋል። «ኧረ ጋሼ፣ ደም!» ስላቸው አዩትና ሳቁ፤ በጨርቅ ጠረግ አድርገው ሥራቸውን ቀጠሉ።

በዚያው ሳምንት የኔን ፍሬን ሠሩ። አዲስ ሽቦ አስገቡ፣ ብሎኑን አጠበቁ፣ «በል፣ አምስት ዓመት አትነካውም!» አሉኝ። ወደ ቤታቸው ሲገቡ ሽቦውን በሁለት ጣቴ ብስበው ሙልጭ ብሎ ወጣ። ብሎኑ ጭራሽ አልጠበቀም።

ምን ልበላቸው? አባቴን የሚያክሉ ሰው፣ ዕድሜ ልካቸውን ተሳቢ የነዱ ሰው፣ «እጅዎ ደክሟል፣ ከእንግዲህ አይንኩብኝ» ይባላሉ? ይሉኝታ ያዘኝ። ቁልፌን አንስቼ ራሴ አጠበቅሁትና ዝም አልኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ! ቂል!

በማግስቱ መጥተው ጎማውን አሽከረከሩና ፍሬኑን ጨበጥ አደረጉት። ቀጥ አለ። ፊታቸው በራ። «አየህ? ባለቤቴ እጅህ አልቆለታል ትለኛለች። አልሐምዱሊላህ፣ እጄማ አለ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ። ከእህል መሸፈኛ ሸራ ለሁለታችንም የጎን ሻንጣ አሰፉ። የኋላ መጫኛውን በብረት አስበየዱ። መስተዋት ይዘው መጥተው መሪዬ ላይ ገጠሙልኝ፤ እሱንም ሲሄዱ እንደገና አጠበቅሁት። ጳጉሜ ላይ ደግሞ ሻይ እየጠጣን «የራሴንም የፍሬን ሽቦ እኔው ለወጥኩት፤ አንተን ለምን ላድክምህ» አሉኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጣ። «ጎሽ ጋሼ» አልኩ። ብስክሌቱ ቤታቸው ነበር፤ ዛሬ ነገ ሰበብ ፈጥሬ አየዋለሁ ስል ጥቅምት ደረሰ። ደብረ ሲና ላይ ከአውቶቡሱ ስናወርደው ፍሬኑን እንደ ዘበት ጨበጥ አደረግሁት፤ ያዘ። ጠበቅ አድርጌ ብይዘው ያዩኛል፣ ይከፋቸዋል ብዬ ለቀቅሁት።

ከከተማው ወጥተን ብዙም አልወረድን። ከፊቴ ነበሩ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ እግራቸውን አስፋልቱ ላይ ሲጎትቱ አየሁ። «ፍሬን! ፍሬን!» ብለው ጮኹ። መንገዱ ታጠፈ፤ እሳቸው አልታጠፉም። ገደሉን ወርጄ ስደርስ ነፍሳቸው ወጥታለች።

በዚያው ቀን ቀበርናቸው።

ለቅሶ ላይ አንድ ጎረቤት «እጃቸው ደክሞ ነበር አሉ፤ እንዴት ዝም ተብለው ተተዉ?» ሲል ባለቤታቸው ሰሙት። ቀና ብለው «የለም፣ ሙት ወቃሽ አትሁን። እጁ እኮ ድኖ ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የዚህን ልጅ ፍሬን የሠራው ማን ሆነና? ይኸው ያንኑ ቁልቁለት ወርዶበት በደህና ገባ። በል ንገራቸው ልጄ፣ እሱ አይደለም?»

ሰው ሁሉ አየኝ።

«አዎ እትዬ» አልኩ፤ «እሳቸው ናቸው።»