እናቴ ቆማ የመሰከረችበት ቀን

በደርግ ጊዜ ጎንደር እስር ቤት እናቴን ያስገረፋት የመቶ አለቃ በሕይወት እንዳለ የሰማነው ከጓደኛዋ ነው። ጓደኛዋ እዚሁ እስራኤል፣ ክፋር ዮና የምትባል ከተማ ነው የምትኖረው። ሁለቱም በወጣትነታቸው ወደ እስራኤል ለመሻገር በሱዳን በኩል ሲሄዱ መንገድ ላይ ተይዘው አንድ ክፍል ታስረዋል። አንድ ዓርብ፣ ሰንበታችን ሻባት ሊገባ ሲል፣ ራማት የዲዲም ሰፈር ወዳለው ቤታችን እያለከለከች መጣች።

«ተይዟል!» አለች ገና ከበሩ። «አውሮፓ ስሙን ለውጦ ሲኖር ተይዟል። ሊከሱት ነው!»

እናቴ ሰላጣ እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች፤ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

እኔ የማውቀው ትንሽ ነበር። እግሯን እንደሚያማት፣ አብሯት የተያዘው ታላቅ ወንድሟ ከዚያ እስር ቤት እንዳልወጣ፣ ሬሳውንም እንዳልሰጧቸው አውቃለሁ። ሌላውን ጠይቄያት አላውቅም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ጭነው ሲያመጡን ያንን ሁሉ እዚያው የተወችው ይመስለኝ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሰውየው ከተያዘበት አገር መርማሪዎች ከአስተርጓሚ ጋር መጡ። በአገራቸው ሕግ፣ በጦርነት ጊዜ ግፍ የሠራ ሰው ወንጀሉን የትም ይፈጽመው የት፣ እነሱ ዘንድ ከተገኘ እንደሚዳኝ አስረዱን። እናቴ ሻይ አቀረበችላቸውና «እኔ አልናገርም» አለች።

«ለምን እማ?» አልኳት ሲወጡ።

«እሱ ጠበቃ አቁሞ፣ እኔን ፊደል ያልቆጠርሁትን ማን ያምነኛል?»

ሐሳቧን ያስለወጠቻት ጓደኛዋ ናት። «የደረሰብኝን እኔ ሄጄ እናገራለሁ» አለቻት። «ወንድምሽን ሲወስዱት ግን እኔ አላየሁም፤ ያየሽው አንቺ ነሽ። ዝም ካልሽ እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይቀራል።»

እናቴ ብዙ አለቀሰች። በማግሥቱ ጠዋት «በይ ደውይላቸው» አለችኝ።

አውሮፓ፣ ፍርድ ቤቱ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። እኔ ከኋላ ከተመልካቹ ጋር ተቀመጥኩ። ሰውየው በጠበቆቹ መካከል ነበር፤ ሹራብ የለበሰ ሽበታም፣ የማንም ሰው አያት ይመስላል። ጭራቅ ጠብቄ ስለነበር ይበልጥ ተናደድኩ።

የመሐል ዳኛዋ በአስተርጓሚ በኩል «እባክዎ ይቀመጡ» አሏት። እናቴ አልተቀመጠችም።

«ክብርት ዳኛ» አለች፣ «በዚያ እስር ቤት እሱ ሲመጣ ተንበርከኩ እንባል ነበር። ቀና ብሎ ያየው ሰው ይገረፍ ነበር። ዛሬ ቆሜ፣ እያየሁት ልናገር።»

ዳኛዋ «እንደ ፈቃድዎ» አሉ።

ቆማ ተናገረች። ወንድሟን ከሰልፍ እንዴት እንዳስወጡት፣ በአጠገቧ ሲያልፍ ራሷን ዳሰስ አድርጎ «አይዞሽ፣ አንቺ ትደርሻለሽ» እንዳላት፣ ከዚያ ከእስር ቤቱ ግንብ ጀርባ የሰማችውን ተኩስ ተናገረች። እኔም ይህን ሁሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

የሰውየው ጠበቃ ተነሣ። «ተንበርክከው ከነበረ፣ ትዕዛዙን የሰጠው እሱ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ወንድሜን ሲጠሩት ቀና አልሁ» አለችው። «እሱ በእጁ ወደ ግንቡ ሲያመለክት አየሁት። እሱም እንዳየሁት አየ። እግሬን ያስሰበረው ለዚሁ ነው።»

ጠበቃው ወረቀቱን አገላበጠና «ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብሎ ተቀመጠ። እናቴ ዓይኗን ከሰውየው አልነቀለችም። አቀርቅሮ ጠረጴዛውን ያይ የነበረው እሱ ነው።

ፍርዱ የሚሰማ ዕለት ሳሎናችን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ቴል ሞንድ ከተማ የሚኖሩት ዘመዶቻችን ሳይቀሩ መጥተዋል። ልጄ ስርጭቱን ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈተልን። ዳኛዋ ጥፋተኛ መሆኑን ተናግረው የተገደሉትን ስም በየተራ ማንበብ ጀመሩ። የአጎቴ ስም ላይ ሲደርሱ አፋቸው ተሳስሮ አበላሽተው ጠሩት።

«እንዲያ አይደለም!» ብላ እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሣችና አስተካክላ ጠራችው። ቤቱ በሙሉ ከእሷ ተቀብሎ ስሙን ጮክ ብሎ ደገመው። ዕድሜ ልክ እስራት ሲባል እልልታው ሕንፃውን አናወጠው። ከታች ያለችው ሩሲያዊት ጎረቤታችን ደንግጣ ወጣችና «ማ ካራ? ምን ሆናችሁ?» ብላ በዕብራይስጥ ጠየቀች።

«ኒጻሕኑ!» አለቻት እናቴ። «አሸነፍን!» እጇን ይዛ ጎትታ አስገባቻት፤ ሴትዮዋም ነገሩ ሳይገባት ከእኛ ጋር ታጨበጭብ ጀመር።

በሳምንቱ፣ የቤተ እስራኤሉ ቄስ ባሉበት፣ የአጎቴን ተዝካር አወጣንለት። እናቴ ከዚያ በፊት አውጥታለት አታውቅም፤ መሞቱን በይፋ የነገራት ሰው አልነበረማ። እንግዳው በልቶ ሲጨርስ ልጄ «ሳፍታ፣ አያቴ፣ ወንድምሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

«ሌባ ነበር!» ብላ ሳቀች። ከዚያም ወንድሟ ገበጣ ሲጫወት ጠጠር እንዴት ይሰርቅ እንደነበር፣ ሲነቃበትም እንዴት ተሳድቦ እንደሚሮጥ እያስመሰለች ታጫውተን ጀመር። ስለ እሱ እንዲህ እየሳቀች ስታወራ አይቻት አላውቅም። እስኪመሽ አላቆመችም፤ እኛም አቁሚ አላልናትም።